የቢራ ጸሐፊ ብቻውን አይጠጣም

ከቦሌ አየር ማረፊያ ተነሥቶ በገርጂ፣ በጃክሮስና በሰሚት አድርጎ አያት ድረስ የሚዘልቅ ሰው ውሃ ቢያጣ እንኳ ግሮሰሪ አያጣም። በእያንዳንዱ ግሮሰሪ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ አንድ የቢራ ሊቅ አለ። ማዕረጉን ከየት እንዳገኘው የሚጠይቀው የለም። ጠርሙሱን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ የምርት ቀኑን ያነባል፣ ቅንድቡን ይሰበስባል፣ «ይቺ ከርማለች፤ ቀይሪልኝ» ይላል፤ ጉባኤውም አሜን ብሎ ይቀበለዋል። ስለ ብቅል ይናገራል፣ ስለ ውሃ ይናገራል፣ የትኛው ፋብሪካ መቼ «እንደተበላሸ» በዓመተ ምሕረት ይዘረዝራል። በማግስቱ ግን ከዚያ ሁሉ ትምህርት አንድ መስመር አይተርፍም፤ ሊቁ ራሱ የረሳውን ማን ያስታውሰዋል? በዚህ ከተማ ስለ እግር ኳስ ቀኑን ሙሉ የሚተነትን ሬዲዮ አለ፤ ስለ ቡና የሚጽፍ አለ፤ ስለ አፓርታማ ዋጋ የሚጽፍማ ሞልቷል። ቢራ ግን በጽሑፍ የሚገኘው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ የኢኮኖሚ ገጽ ነው፤ እዚያ በሄክቶ ሊትርና በአክሲዮን ይለካል። ሌላው የትራፊክ ፖሊስ ማሳሰቢያ ነው፤ እዚያ በአደጋ ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር፣ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚጎነጨው ፈሳሽ ምን ምን እንደሚል፣ ጸሐፊ አላገኘም።

ይህን ስል ግን «አንድ የቢራ ጸሐፊ ይሾምልን» ብዬ ማመልከቻ ላስገባ አይደለም። አንድ ብቻ ከሚመጣ ባይመጣ ይሻላል ባይ ነኝ። ቢራ በአንድ ሰው አይጻፍም፤ ሁለት ይፈልጋል። ሁለቱ የልብ ወዳጆች መሆን የለባቸውም፤ ሸሪኮች ከሆኑማ ነገሩ ከሥሩ ተበላሸ። እየተከባበሩ የሚጠራጠሩ፣ ቀጠሮ የማይይዙ፣ ነገር ግን ሥራቸው አንድ ስለሆነ አንዴ ሃያ ሁለት፣ ሌላ ጊዜ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሲኤምሲ አዲስ ቤት ሲከፈት ድንገት ፊት ለፊት የሚገጣጠሙ ሰዎች ቢሆኑ እመርጣለሁ። እንዲህ ያለ ባልደረባ በየጊዜው የማይገጥመው ጸሐፊ፣ ምላሱ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ የሚጽፈው ስለ ምላሱ እንጂ ስለ ቢራው አይሆንም። ነገሩ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቶቹ ግን ቀልድ አይደሉም።

ፈረንጆቹ ዘንድ ይህ ሙያ እንደ ሙያ ከተቆጠረ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለምን ቢራ በየዓይነቱ የመደበ መጽሐፍ አሳተመ። ዘፋኙ አይደለም፤ ይኼኛው ጢማም ነው፤ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ተራምዶ እንደሆነም ከብዙ ብርጭቆ በኋላ መሆን አለበት። ከእሱ በኋላ ቢራ እንደ ወይን ጠጅ በአገሩ፣ በአጠማመቁና በታሪኩ እየተለየ የሚወራለት መጠጥ ሆነ። ለእኔ ክርክር ይበልጥ የሚጠቅመኝ ግን ከመጽሐፉ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ የመጣው ነገር ነው፤ በ1988 የብሪታንያ የቢራ ጸሐፊዎች ማኅበር ተቋቋመ። የአንድ ማኅበር ስብሰባና መዋጮ ቢቀነስ የሚቀረው ምንድን ነው? አንድ ዓይነት ባንኮኒ ላይ ደጋግመው የሚገናኙ፣ አንዱ «ድንቅ ነው» ብሎ የጻፈውን ሌላው «እኔም ጠጥቼዋለሁ፤ ጎምዝዟል» የሚሉ ሰዎች ናቸው። ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2007 አረፈ፤ የመደበው ምደባ ግን ዛሬም ያከራክራል። የሚያከራክረውም ተከራካሪ ስላለው ነው። ተከራካሪ የሌለው ሂስ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

የመጀመሪያው ማስረጃዬ የማስታወስ ጉዳይ ነው። ቢራ ከሚተቹ ነገሮች ሁሉ የሚለየው ማስረጃው ስለሚጠጣ ነው። በአንድ ልብ ወለድ ላይ የተጻፈ ሂስ ቢያጠራጥረን መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርደን እናነባለን፤ የድሮ ፊልም ዛሬም ይታያል፤ የድሮ ዘፈን ዛሬም ይደመጣል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የተጠመቀ ጊዮርጊስ ግን የትም የለም። ጠጪው ጠጥቶታል፤ ጠርሙሱም ታጥቦ ስንት ጊዜ እንደተሞላ እግዜር ይወቀው። እስቲ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን እንይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 ተቋቁሞ፣ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆኖ፣ በ1998 የፈረንሳዮቹ የካስቴል ኩባንያ የሆነው ቢጂአይ ገዛው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄኒከን በደሌንና ሐረርን በድምሩ በ163 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ዲያጆ ለሜታ አቦ 225 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በቃኝ ብሎ ለካስቴል ለቀቀለት። ዕድሜ ልካቸውን በየጠረጴዛው ሲያከራክሩን የኖሩት ጊዮርጊስና ሜታ አሁን የአንድ ቤት ልጆች ሆነዋል፤ ተከራካሪዎቹ ግን ዜናውን እስከ ዛሬ የሰሙ አይመስሉም።

ከእያንዳንዱ ሽያጭ በኋላ ከቦሌ ሚካኤል እስከ ጎሮ አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰማል፤ «ጣዕሙ ተቀይሯል!» ተቀይሮ ይሆናል። አዲስ ባለቤት አዲስ መሣሪያ ያስገባል፣ ብቅል የሚያቀርብለትን ይለውጣል፣ ቢራው በጋን ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ያስተካክላል፤ ይህ ሁሉ ምላስ ላይ ሊታወቅ ይችላል። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የተቀየረው ፋብሪካው ብቻ አይደለም። «ድሮ ቀረ» የሚለው ሰው ድሮ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ በሃያ አምስት ዓመት ውሃም ይጣፍጣል። ዛሬ ጨጓራው ሌላ፣ ኪሱ ሌላ፣ አብሮት የሚቀመጠው ሰው ሌላ ነው። የትኛው እንደተቀየረ በምን ይለይ? በአንድ ምስክር አይለይም፤ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ ቢጠየቅ የሚለው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ጸሐፊ ያንኑ ቢራ በዚያው ዓመት፣ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ጨጓራና በሌላ ኪስ ጠጥቶ ለብቻው የጻፈው ካለ ግን ነገሩ መልክ ይይዛል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ «ዘንድሮ ምሬቱ ሳስቷል» ብለው ከጻፉ ፋብሪካው ይጠየቅ። አንዱ «ሳስቷል»፣ ሌላው «እንደ ወትሮው ነው» ካሉ ደግሞ የመጀመሪያው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ከተማው ራሱ ነው። ቢራ የሚጠጣበት ቦታ የጣዕሙ ግማሽ ነው ከተባለ፣ የምሥራቅ አዲስ አበባ ጠጪ ግማሹን ጣዕም በየጊዜው ሲያጣ ኖሯል። ገርጂ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በሙከራ ከተጀመረባቸው ሰፈሮች አንዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰሚት፣ ቡልቡላ፣ አራብሳና የካ አባዶ መጡ። ዕጣው ሲወጣ ቤተሰብን ብቻ ሳይሆን የቢራ ጠረጴዛንም በታተነ፤ የሃያ ሁለት ቋሚ ደንበኛ የነበረው ግማሹ ወደ ሰሚት፣ ግማሹ ወደ ቡልቡላ ተሰደደ። በ2008 ዓ.ም. ባቡሩ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች መመላለስ ሲጀምር ስደተኞቹ ለጊዜው መልሰው ተገናኙ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ደግሞ ብዙ ሰው «ቦሌ ነው የምኖረው» የሚለውን ክብር በአንድ ቀን ተነጠቀ። በመጨረሻ የኮሪደር ልማቱ መጣና መንገድ ዳር የነበረው ግሮሰሪ የእግረኛ መንገድ፣ ከጀርባው የነበረው መንገድ ዳር ሆነ። በዚህ ሁሉ መሀል የትኛው ቤት የት እንደነበረ፣ ድራፍቱ መቼ ጥሩ እንደነበረና መቼ እንደወደቀ የሚያውቅ ካርታ የለም። አንድ ሰው ደግሞ ሁሉም ቦታ አይገኝም። በየዓመቱ በተለያየ ሰፈር የሚገጣጠሙ ሁለት ሰዎች ግን አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ የከተማውን የቢራ ካርታ ሊያቆዩት ይችላሉ፤ አንዱ በመገናኛ ወገን የሞተውን ሲመዘግብ፣ ሌላው በጎሮ ወገን የተወለደውን ይመዘግባል።

የሚጠፋው ምን እንደሆነ ለማየት በኮንዶሚኒየም ሥር ያለ አንድ ግሮሰሪን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በሩ ላይ ሳጥኖች ተደራርበዋል። የአንዱ ፋብሪካ ስም በትልቁ በተጻፈበት ፍሪጅ ውስጥ የተፎካካሪው ጠርሙሶች ደረታቸውን ነፍተው ተሰልፈዋል። አስተናጋጇ «ቀዝቃዛ ወይስ ኖርማል?» ትላለች፤ ይህ ጥያቄ ብቻውን አንድ መጽሐፍ የሚያስጽፍ ነው፤ ምክንያቱም ቢራን ያለ ፍሪጅ የሚያዝ ሰው በዚህች አገር እንደ እብድ ሳይሆን እንደ አዋቂ ነው የሚታየው። ቆርኪው ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል፣ የጠርሙሱ አፍ በሶፍት ይጠረጋል፣ ብርጭቆው ዘመም ብሎ ይቀዳል፣ አረፋው ሁለት ጣት ሲሞላ እጅ ይቆማል። ባዶው ጠርሙስ ግን አይነሣም፤ ለሂሳብ ይፈለጋላ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ የተሰለፉት ባዶዎች ማን ምን እንደጠጣ፣ በስንተኛው ላይ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው እንደተዛወረ፣ ማን «እኔ ዛሬ አልጠጣም» ብሎ ጀምሮ የት እንደደረሰ በቅደም ተከተል ይናገራሉ። ስለ ቢራ ያለን በጣም ትክክለኛ ሰነድ ይኸው ነው። ዕድሜው ግን ሂሳብ እስኪከፈል ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ሳጥን ይመለሳል።

ሦስተኛው ማስረጃዬ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ነው። ቢራ ሀብታም ዘመዶች ያሉት መጠጥ ነው። በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. ዋልያ መጣ፣ ሀበሻ መጣ፣ ሜታ ቤት ዘመን ተወለደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዝመራና ኪዳሜ ተከተሉ። በዚያ ዘመን ከቦሌ መንገድ ወደ ሰማይ ቀና ያለ ሰው ደመና ከማየቱ በፊት የቢራ ጠርሙስ ያይ ነበር፤ ኮንሰርቱ በቢራ፣ የበዓል ዝግጅቱ በቢራ፣ የስፖርት ፕሮግራሙም በቢራ የታጀበ ነበር። ከዚያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጣና የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተባረረ። በዚህ ሁኔታ አንድ ብቸኛ የቢራ ጸሐፊ ብቅ ቢል ምን ይገጥመዋል? ጥሪ ይደርሰዋል፤ ቲሸርት ይሰጠዋል፤ ኮፍያ ይጨመርለታል፤ ጃንጥላም አይቀርበትም። ሳይታወቀው ሁለት እግር ያለው፣ ራሱ የሚንቀሳቀስ፣ ግብር የማይከፈልበት ቢልቦርድ ይሆናል። ከዚህ የሚያድነው ሕሊናው ነው ብሎ የሚያምን ሰው በነጻ የቀረበ ቢራ ጎምዝዞበት አያውቅም ማለት ነው። የሚያድነው ሌላ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ወር ገርጂ ሲገባ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሁለተኛው ጸሐፊ ከእግር እስከ ራሱ አይቶት፣ ደረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ «እንኳን ደስ ያለህ፤ መቼ ተቀጠርክ?» እንደሚለው ማወቁ ነው። ነውር ነውር የሚሆነው የሚያይ ሰው ሲኖር ነው።

እንግዲህ ተቃውሞዎቹን እንስማ። የመጀመሪያው «የእኛ ቢራ ሁሉ አንድ ነው፤ ምን ይጻፍለታል?» የሚለው ነው። እውነት አለው። በ1842 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ፒልዘን በተባለ ከተማ የተጠመቀው ወርቃማና ጥርት ያለ ቢራ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ፣ እዚህም ፍሪጅ ውስጥ የሚሰለፉት ጠርሙሶች ከሞላ ጎደል የእሱ የልጅ ልጆች ናቸው፤ መልካቸው አንድ፣ የአልኮል መጠናቸውም አምስት በመቶ አካባቢ ነው። ቢሆንም የመንታ ልጆች እናት «አንድ ናቸው» አትልም፤ አንድ የሚሆኑት ለእንግዳ ነው። ደግሞ ልዩነት ለሚፈልግም ቦሌ ራሷ አታሳፍርም። በጀርመን ስልት እዚያው የሚጠምቀው ጋርደን ብሮይ ብሎንዲ የሚባለውን ቀላዩንና ኤቦኒ የሚባለውን ጠቆር ያለውን ያቀርባል፤ ከሐረር ደግሞ ሐኪም ስታውት የሚባል ጥቁር ቢራ አለ። ድራፍት ጋ ሲመጣ አንድ ነው የሚለው ክርክር ጭራሹን ይወድቃል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት በርሜሎች በሁለት ቤት ሁለት ጃምቦ ይሆናሉ፤ አንዱ ቤት ቧንቧውን በየጊዜው ያጥባል፣ ሌላው ደግሞ ቧንቧ የሚታጠብ ነገር መሆኑን አልሰማም። ይህን ለይቶ መጻፍ ለጠጪው ጤናም ለኪሱም የሚጠቅም ሥራ ነው።

«ዓይንህን ሸፍነን እናስቀምስህ፤ ካለየህ እንቀጣሃለን» የሚሉም አሉ። በጣም ጥሩ፤ ይህ ተቃውሞ ሳይሆን ለእኔ የቀረበ ስጦታ ነው። ዓይኑን ሸፍኖ የሚቀምስ ሰው ለራሱ መቅዳት አይችልም። የሚቀዳለት፣ ቅደም ተከተሉን የሚደብቅለት፣ ከስህተቱ በኋላ የማይምረው ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ አስተናጋጇ እንዳትሆን ደንበኛዋን ማስቀየም አትፈልግም፤ ወዳጁ እንዳይሆን በዓይኑ ይጠቅሰዋል፤ ዓይኑ ቢሸፈን እንኳ በእግሩ ይነካዋል። የቀረው ባላንጣ ባልደረባ ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለተኛው ጸሐፊ ለጌጥ የመጣ አይደለም፤ ያለ እሱ ፈተናው ራሱ አይካሄድም።

«ቢራ የፈረንጅ ነው፤ ጠላና ጠጅ ጸሐፊ ሳይኖራቸው ስንት ዘመን ኖሩ» የሚለውን ተቃውሞም አልንቀውም። ጠላ ቤት ከእንጨት ጫፍ ላይ በተደፋ ጣሳ ይታወቃል፤ ሂስ የሚቀርበውም እዚያው ነው። ጠላው ከቀጠነ ባለቤቲቱ ፊት ለፊት አለች፤ «እትዬ፣ ዛሬ ጌሾው አነሰ» ይባላል፤ በማግስቱ ይስተካከላል ወይም ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ፋብሪካ ግን ፊት የለውም። ቂሊንጦ ለሚገኘው ለሄኒከን ፋብሪካ ከሰሚት ሆኖ «ዛሬ አነሰ» ቢሉት አይሰማም። የእኛ ሰፈር ደግሞ የቢራ ጸሐፊ ለማጣት ሰበብ የለውም። ብቅል ከአሰላ ሲጎድል ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረበት ዘመን አልፎ፣ ሱፍሌ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዓመት 60 ሺህ ቶን የማምረት አቅም የያዘ የብቅል ፋብሪካ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ተክሏል፤ ሌላ ኩባንያም ደብረ ብርሃን ላይ እንዲሁ አድርጓል። ከአርሲና ከባሌ የመጣ ገብስ ቦሌ ለሚ ላይ በቅሎ፣ ቂሊንጦ ላይ ተጠምቆ፣ ሲኤምሲ ላይ ይጠጣል ማለት ነው። የጥሬ ዕቃው፣ የጠመቃውና የመጠጡ ታሪክ በአንድ የሚኒባስ ታክሲ ጉዞ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ ይህን የሚከታተል ብዕር አለመኖሩ ነው የሚያሳዝነው። ለአንድ ሰው ግን ይበዛል፤ አንዱ ገብሱን ሲከተል አንዱ ብርጭቆውን ይጠብቅ።

ከሁሉም የሚከብደው የሃይማኖትና የጤና ተቃውሞ ነው። በዚህ ከተማ በእምነቱ ጭራሽ የማይጠጣ ብዙ ሰው አለ፤ የሚጠጣውም በጾም የሚታቀብበት ጊዜ አለው፤ መጠጥ ያፈረሰው ቤትና መሪ ላይ ያጠፋው ሕይወት በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ስለ ቢራ መጻፍ ጠጪ ማብዛት ነው የሚል ሰው ሥጋቱ ይገባኛል። መልሴ ግን ይህ ነው፤ ዝምታችን ጠጪ አልቀነሰም። ሳይጻፍለት ይጠጣል፤ የሚጠጣውም በብዛት እንጂ በጣዕም አይለካም፤ ጀግናውም ያወቀ ሳይሆን የበዛለት ነው። የሚጽፍ ሰው ግን መጥኖ መጠጣት ግዴታው ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ ምላስ ምስክርነቱን ያቆማል፤ ከአምስተኛው በኋላ ደግሞ ብዕሩ ራሱ ይንገዳገዳል። እዚህም ላይ ሁለተኛው ሰው ያስፈልጋል፤ የሰከረ ሰው መስከሩን የሚያውቀው ከሰው ሲሰማ ነው፤ ሲሰማም አያምንም፤ በማግስቱ የራሱን የእጅ ጽሑፍ ሲያይ ግን ያምናል። ሁለት ሰዎች ማስታወሻቸውን ሲያስተያዩ የአንዱ መስመር ከገጹ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ከቀጠለ፣ ስለ ቢራው የጻፈው ይሰረዛል። ይህ ከማናቸውም ምክር የበለጠ ልጓም ነው። ደግሞ ያው አዋጅ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የትኛው ቤት ሕጉን እንደሚያከብርና የትኛው ዓይኑን እንደሚጨፍን ከሚያውቁት ጥቂቶች ውስጥ በየቤቱ የሚዞሩት እነዚህ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ፤ ቢጽፉት ለማይጠጣውም ይጠቅማል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ስለ ሁለቱ ሰዎች ጠባይ ነው፤ ወይ ይስማማሉ ወይ ይጣላሉ፤ ከተስማሙ አንድ ሰው ናቸው፣ ከተጣሉ ጽሑፋቸው ዘለፋ ይሆናል። ሳይቀጣጠሩ ይገናኙ ያልኩት ለዚህ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ አብረው የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ አንድ ምላስ ይኖራቸዋል፤ አንዱ «ይመራል» ሲል ሌላው ከመቅመሱ በፊት ይመረዋል። በየቀኑ በይፋ የሚጨቃጨቁ ከሆኑ ደግሞ የጊዮርጊስና የሜታ ደጋፊ ሆነው ያርፋሉ፤ እነዚያ ደግሞ ከእነሱ በፊት ሞልተውናል። ዓመት ሁለት ዓመት ተለያይተው፣ እያንዳንዱ በየሰፈሩ ሲጠጣና ሲጽፍ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ቦሌ ሩዋንዳ ላይ አዲስ የተከፈተ ቤት በር ላይ የሚጋጩት ግን የተለያየ ማስረጃ ይዘው ነው የሚገናኙት። ለመጣላት ጊዜ የላቸውም፤ የሚለዋወጡት ብዙ ነው። ለመመሳሰልም ጊዜ አልነበራቸውም፤ ተለያይተው ነው የከረሙት። ስለዚህ በአጋጣሚ መገናኘታቸውን የዘዴው ዋና ክፍል አድርጌ እወስደዋለሁ፤ ዕድል ነው ብሎ የሚያልፈው ዘዴውን አልተረዳውም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ በወረቀት ላይ ያምራል፤ የሚወድቀው ሂሳብ ሲመጣ ነው። አገራችን ላይ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱ የጠጣውን ከፍሎ የተነሣበት ቀን ብርቅ ነው። አንዱ ብሩን አስተናጋጇ ኪስ ውስጥ ሊከት ይታገላል፤ ሌላው እጇን ይይዛል፤ «በሞቴ!» ይባላል፤ «አፈር ስሆን!» ይከተላል፤ አስተናጋጇ መሀል ላይ ቆማ ማን እንደሚያሸንፍ ትጠብቃለች። ለሌላው ሰው ይህ ደግነት ነው፤ ለሁለት የቢራ ጸሐፊዎች ግን ጉቦ ነው። ዛሬ የጋበዘኝን ሰው ነገ «ያወደስከው ቢራ ውሃ ነው» ልለው አልችልም፤ እሱም በተራው እንድጋብዘው እየጠበቀ ስህተቴን አይነግረኝም። ፋብሪካዎቹ ሊገዟቸው ያልቻሉትን ሁለት ሰዎች አንድ ጃምቦ ይገዛቸዋል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ የቢራ ጸሐፊ የምንፈልግ ከሆነ በምላስ አንፈትነው፤ ጎበዝ ምላስ በየግሮሰሪው ሞልቷል። በዕውቀትም አንፈትነው፤ ስለ ብቅልና ስለ እርሾ የሚነበብ አይጠፋም። ባልደረባው «በሞቴ!» ብሎ እጁን ሲይዘው፣ ፈገግ ብሎ «ነፍስ ይማር» የሚልና የራሱን ሂሳብ ቆጥሮ የሚከፍል ሰው ከተገኘ፣ እሱን ይዘን ሁለተኛውን እንፈልግ።